መኪናው ሄደ፣ ድንጋዩ ቀረ

ከካራ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ መድረስ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ከመድረስ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለማጋነን አይደለም፤ ሰዓት ይዤ ነው የምናገረው። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ፣ ኮተቤን ወርጄ፣ በሲኤምሲ አድርጌ፣ ሰሚትን አቋርጬ፣ ጎሮ ላይ ከሲኖ ትራክ ጋር ተጋፍቼ የክፍያ ጣቢያው በር ላይ ስደርስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን በ50 ደቂቃ ጨረስኩት። አዳማ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ሳዝ ኮተቤ ላይ ከጎኔ ተጨናንቆ የነበረው ታክሲ ምናልባት ገና መገናኛ አልደረሰም።

ስለዚህ የየካ ሰው ስለ ፈጣን መንገድ ምን አገባው ለሚለኝ መልሱ ይሄው ነው። እንጀራዬ ያለው ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ነው። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ቢሮ የለውም፤ ቢሮዬ አሮጌ ቪትዝ ናት። በወር አራትና አምስት ጊዜ ያንን መንገድ እመላለስበታለሁ። ስመላለስ ደግሞ ዝም ብዬ አልነዳም፤ ሹፌር ባገኘሁበት ሁሉ አወራለሁ። ላምበረት መናኸሪያ፣ ካራ ያለ ጎሚስታ ቤት፣ የክፍያው ሰልፍ ላይ፣ አዳማ ሻይ ቤት። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእነዚህ ወሬዎች የተጠራቀመ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እኛ ስለ ተራራ ሥር ሹፌሮች። የየካና የእንጦጦ ሥር ሹፌር መንዳት የተማረው ዳገት ላይ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮንን፣ የኮተቤን የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣውን አቀበት የሚያውቅ ሰው ግማሽ ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አይገባም። ክረምት ላይ እንጦጦ ጉም ሲለብስ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና ጭነት ያዘሉ አህዮች ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ሲሉ፣ እግሩ ፍሬን ላይ ሆኖ በ20 መውረድ ለእሱ ተፈጥሮው ነው። ይህ ሹፌር ጎበዝ ነው። ችሎታው ግን የዝግታ ችሎታ ነው። ዓይኑ የለመደው ከፊቱ ያለውን 15 ሜትር ነው። በዚያ 15 ሜትር ውስጥ ሕፃን ይኖራል፣ ፍየል ይኖራል፣ የቆመ ታክሲ ይኖራል፤ ሁሉንም በጥሩምባና በዓይን ተነጋግሮ ያልፋቸዋል።

ቋንቋ አለን እኮ። ጥሩምባን አጠር አድርጎ መንካት «አለሁ» ነው። መብራት ብልጭ ማድረግ «እለፍ» ሊሆን ይችላል፣ «እንዳትመጣብኝ» ሊሆንም ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። አገር አቋራጭ ላይ ከፊት ያለ ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ ካበራ «ፊቴ ነጻ ነው፣ ቅደመኝ» ይላል፤ የግራውን ካበራ «ቆይ፣ ከፊት የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። በደሴ መንገድ፣ በጎጃም መንገድ ይህ ቋንቋ ስንት ነፍስ አትርፏል።

ይህንኑ ቋንቋ ይዘን ነው ፈጣኑ መንገድ ላይ የወጣነው። እዚያ ደግሞ የግራ ፍሬቻ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ «ወደ ግራ ልገባ ነው»። አንድ የአይሱዙ ሹፌር እየሳቀ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ከፊቱ ያለው ተሳቢ የግራ ፍሬቻ አበራ። እሱ «ቆይ ማለቱ ነው» ብሎ አሰበና፣ ከዚያ ደግሞ «እዚህ ከፊት የሚመጣ መኪና የለ፣ ምን ቆይ ይለኛል» ብሎ በግራ ሊያልፍ ተነሳ። ተሳቢው ወደ ግራ ገባ። ሲስቅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለማያስታውስ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በይፋ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። የቻይና ኩባንያ ሠራው፣ የቻይና ኤግዚም ባንክ አብዛኛውን ገንዘብ አበደረ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ሆነ። በአንድ አቅጣጫ ሦስት፣ በሁለቱም ስድስት መስመር። መሀሉ የተከፈለ፣ ዳሩ የታጠረ፣ መስቀለኛ የሌለው፣ እግረኛ፣ እንስሳ፣ ባጃጅና ጋሪ የማይገባበት፤ ከፍተኛው ፍጥነት 120። ስትገባ ካርድ ትወስዳለህ፣ ስትወጣ በሄድከው ልክ ትከፍላለህ። ከዚያ በፊት አዳማ መሄድ ማለት በዱከምና በቢሾፍቱ መሀል ለመሀል፣ ከጅቡቲ ከሚመጣና ወደ ጅቡቲ ከሚሄድ ተሳቢ ኋላ ኋላ እየተጎተቱ ሁለትም ሦስትም ሰዓት መፍጀት ነበር። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ እጅግ አብዛኛው በዚያች በአንዲት ጠባብ መንገድ ነበር የሚያልፈው። አሁን ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የተጀመረው ሌላው ፈጣን መንገድም እስከ ባቱ ድረስ ያለው ተከፍቶ ሰው ይጠቀምበታል። መንገዱ ጥሩ ነው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ስለ መንገድ ችግር ሲጻፍ መንገዱን የጠሉበት ይመስለዋል።

እኔ መገናኛ አካባቢ ነው ያደግኩት። በ1990ዎቹ የቀለበት መንገዱ ሲከፈት ልጅ ነበርኩ። ያኔም ቻይናዎች ነበሩ የሠሩት፤ እኛ የሰፈር ልጆች ካስኮ ሥር «ቻይና ቻይና» እያልን እንሯሯጥ ነበር። የማይረሳኝ የመንገዱ ስፋት ሳይሆን አጥሩ ነው። ትናንት ለትናንት ሱቅ ለመሄድ አቋርጠነው የምናልፈው ቦታ በአንድ ጊዜ በብረትና በሲሚንቶ ተከፈለ። መሻገሪያ ድልድዩ ሩቅ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ባልቴቷ ከነዘንቢላቸው አይወጡትም። ስለዚህ ሰው አጥሩን መዝለል ጀመረ፣ ከዚያ ብረቱን ማጣመም፣ ከዚያ መንቀል። ሹፌሩ ደግሞ «ይህ የመኪና መንገድ ነው» ብሎ ያስጋልባል። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ስንት ሰው እንደተቀበረ እናቶቻችን ናቸው የሚያውቁት። የሚገርመው፣ ያ ቀለበት የሚባለው መንገድ እስከ ዛሬ ቀለበት አይደለም። ከመገናኛ በደቡብ ዞሮ ዊንጌት ይደርስና በሰሜን በኩል፣ በእኛ በተራራው ሥር፣ ሳይገጥም ቀርቷል። ከኮተቤ ሽሮ ሜዳ መሄድ የፈለገ ዛሬም ከተማ መሀል ገብቶ ነው የሚወጣው። (ይህ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።)

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ፤ አዲስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር መንገዱ ተሠርቶ ያልቃል፣ ሰውየው ግን ገና አልተሠራም። አስፋልቱ በአራት ዓመት ይነጠፋል። የሰው ልማድ ግን ሪባን ስለተቆረጠ አይቀየርም።

እንግሊዞችም እንዲሁ ነው የጀመሩት። ኤም ዋን የሚባለው ፈጣን መንገዳቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲከፈት የፍጥነት ገደብ አልነበረውም፤ በሁለቱ አቅጣጫዎች መሀል የብረት መከላከያ እንኳ አልነበረም። ሰዉ መኪናውን ዳር አቁሞ ሣር ላይ ምሳ ይበላ ነበር፤ መውጫው ያለፈው ሰው መሀል ላይ ይጠመዝዝ ነበር፤ ከ30 እና ከ40 ማይል በላይ ሄዶ የማያውቅ አሮጌ መኪና ውሃው እየፈላ በየዳሩ ይቆም ነበር። መንገዱን የመረቀው ሚኒስትር ራሱ የሹፌሮቹን ፍጥነት አይቶ ደነገጠ ይባላል። የ70 ማይል ገደብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ማብቂያ ላይ ነው። እኛ ገደቡን፣ አጥሩንና መከላከያውን ገና ከመጀመሪያው ይዘን ነው የጀመርነው። በዚህ በዚህ ከእነሱ እንሻላለን። ሹፌሩ ግን ያው ሹፌር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ሰፈራችን አንድ ጎረቤት አለን። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ከ20 ዓመት በላይ የነዱ ሰው ናቸው። ላዳ ነድተዋል፣ ሚኒባስ ነድተዋል፣ በመጨረሻ አባዱላ ገዝተው የሠርግና የተዝካር ኮንትራት ይሠሩ ነበር። ሲነዱ ጥሩምባ እንኳ የማያበዙ፣ ረዳቱን «ሰው አታንጠልጥል» ብለው የሚቆጡ። ባለፈው ዓመት የሚስታቸው ዘመድ አዳማ ላይ ዳረ፤ ቤተሰቡን ጭነው ሄዱ። ሲመለሱ መሽቷል። ሞጆን አልፈው ወደ ቢሾፍቱ ሲቃረቡ፣ መሀለኛው መስመር ላይ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ ነበር። የፊቱ ጎማ መታው። አባዱላዋ ሁለቴ ተገለበጠች። የሚስታቸው ወንድም እዚያው አረፈ። የሌሎቹን መትረፍ «እግዜር ነው» ይላሉ።

ድንጋዩ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ሁላችንም የምናውቀው ድንጋይ ነው። መኪና ሲበላሽብን ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ እንደረድራለን፤ ለኋለኛው መኪና ምልክት እንዲሆን። አንዱን ትልቅ ድንጋይ ደግሞ ጎማ ሥር እናስገባለን፤ እንዳይንሸራተት። ተሳቢው ተጠግኖ ሲነሳ ረዳቱ ዘሎ ይገባል። መኪናው ሄደ፣ ድንጋዩ ቀረ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ጋዜጠኛ ሆኜ አልነበረም የሄድኩት፤ ግን ሳልጠይቅ አልወጣሁም።

«ጋሼ፣ ስንት ይነዱ ነበር?» አልኳቸው።

«ሰማንያ። መቶ ሃያ ተፈቅዶ እኔ ሰማንያ ነበርኩ። ሰው ይዣለሁ፣ ሽማግሌ ይዣለሁ፣ የት ልሄድ ነው?»

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረግ የሚል ነው። አላማረሩም። እኔ ነኝ የተናደድኩት። «ያንን ድንጋይ ጥሎ የሄደው ሰው ግን…» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተወው ልጄ። ድንጋይ የሚያስቀምጥ ሰው ክፉ አይደለም። ሰው እንዳይሞትበት ብሎ ነው ያስቀመጠው። እኔስ ስንቴ አስቀምጫለሁ?»

«ሲነሱ ያነሱት ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ደብረ ሲና መንገድ ላይ የሚያነሳው አይጠፋም። እረኛ ያነሳዋል፤ ገበያ የሚሄድ ሰው በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ካልሆነም ቀን ላይ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እዚህ ማን ያንሳው? ሰው የለበትማ።»

ይህን መልስ ብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ። ነባሩ መንገድ ሰው ያለበት መንገድ ነው። ጉድጓድ ቢኖር ልጆች አፈር ሞልተውበት ሳንቲም ይጠይቁሃል። ብትገለበጥ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ሕዝብ በአንድ ደቂቃ ይከብሃል፤ አንዷ ነጠላዋን ታወርዳለች፣ አንዱ ውሃ ይዞ ይሮጣል፣ አንዱም በእርግጥ ኪስህን ይፈትሻል። ፈጣኑ መንገድ ያን ሁሉ ሰው በአጥር አስወጣው፤ ማስወጣትም ነበረበት፣ በ120 የሚሄድ መኪናና እረኛ አብረው አይሆኑም። ነገር ግን ሰዉ ሲወጣ ሰዉ ሳይታዘዝ ይሠራው የነበረው ሥራም አብሮ ወጣ። ድንጋይ ማንሳት ከእነዚያ ሥራዎች አንዱ ነበር። ያንን ሥራ በሙሉ የወረሰው ክፍያውን የሚቀበለው ድርጅት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሹፌሩ ራሱ። የድርጅቱ የቅኝት መኪናዎች ይዞራሉ፤ በመንገዱ የሚሄድ ሁሉ ያያቸዋል። ግን ድንጋዩ በተጣለና ቅኝቱ በደረሰ መሀል ያለው ጊዜ የማን ነው?

ሒሳቡን ልሥራላችሁ፤ ቀላል ነው። በ120 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። አንድ ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈልጋል። በደረቅ አስፋልትና በደህና ፍሬን መኪናው ለመቆም ከዚያ በኋላ 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ ከ110 ሜትር በላይ ማለት ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል። አጭሩ መብራት ደግሞ አጥርቶ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ነው። በ80 ብትሄድ እንኳ ለመቆም ከ55 ሜትር በላይ ያስፈልግሃል። ጥቁር ድንጋይ ጥቁር አስፋልት ላይ። ጋሼ በ80 እየሄዱ ያን ድንጋይ አይተው መቆም የሚችሉት መብራቱ፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና ዓይናቸው ሁሉም በአንድ ላይ ፍጹም ቢሆኑ ብቻ ነበር። ሒሳቡ ለእሳቸው ቦታ አልተወላቸውም። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ወረቀትም መልስ እንዲሆን ነው።

በነገራችን ላይ ሌሊት ፈጣን መንገድ ላይ ረጅሙን መብራት አብርቶ ከኋላ የሚለጠፍ ሰው፣ የስንቱን ዓይን እያጠፋ እንደሚሄድ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። እናንተም የምታውቁት ካለ ይህን ላኩለት።

ከድንጋዩ ቀጥሎ ሹፌሮች ሁሉ የሚያነሱት ጎማ ነው። «ነባሩ መንገድ ላይ አሥር ዓመት ስነዳ ያልፈነዳ ጎማ እዚህ በሁለት ወር ፈነዳ» ያለኝ አንድ የቅጥቅጥ ሹፌር ነው። መንገዱ ምን አደረገው? ምንም። ጎማው ድሮም ሞቷል፤ ነባሩ መንገድ ላይ ግን ሙቀት አልነካውም። በ50 እየሄድክ በየአምስት ደቂቃው የምትቆም ከሆነ ጎማ አይግልም። በ110 ሳትቆም አንድ ሰዓት ስትሄድ፣ ያውም አየሩ የጎደለ ጎማ ከሆነ፣ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ውስጡን ሽፋን ከሽፋን ይለያየዋል። ጭነት ሲበዛ ይብሳል። እኛ ደግሞ ከካራ ብርድ ተነስተን ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት ነው የምንወርደው። ካራ ያለው ጎሚስታ ያሳየኝን ለእናንተም ላሳያችሁ፦ የጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2315 ካለ በፈረንጆቹ 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው አርጅቷል። «ጥርሱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው በግ ገበያ ነው ያለው» አለኝ ጎሚስታው። ወደ ቤት ስመለስ የቪትዟን አራቱንም አነበብኩ፤ ስኮርታውን ጨምሬ።

ስለ አጥሩም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በፈጣን መንገድ ላይ በሬ ያየ ሹፌር «ገበሬው ሰነፍ ነው» ይላል። አጥሩ ይቆረጣል፣ ሽቦው ይሰረቃል፤ ይህም እውነት ነው፣ የክፍያ መንገዱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ሲያማርር ተሰምቷል። ሌላም እውነት ግን አለ። የአንድ ሰው ማሳ በዚህ በኩል፣ የውሃው ጉድጓድ በዚያ በኩል ቀርቶ፣ መሻገሪያው ደግሞ የሁለትና የሦስት ኪሎ ሜትር ዙር ቢሆንበት፣ ለዚያ ሰው አጥሩ ምኑ ነው? መገናኛ ላይ ባልቴቷ ከነዘንቢላቸው የገጠማቸው ይኸው ነበር። እኔ ሽቦ የሚሰርቀውን አላጸድቅም። ነገር ግን መንገድ የሚያቅድ ሰው በመኪና ብቻ ሳይሆን በእግሩም አንድ ቀን ያንን ቦታ ቢያቋርጠው፣ መሻገሪያውን የት እንደሚያደርገው ያውቅ ነበር።

ላምበረት ሄጄ ስለ ፈጣን መንገድ ስጠይቅ ግን አንዳንዶቹ ይስቁብኛል። ላምበረት የሰሜን መናኸሪያ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ወልድያ። «አንተ ስንት ሰዓት ይፈጃል ትላለህ፣ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ክፍት ነው ወይ ብለን ነው» አለኝ አንድ ተራ አስከባሪ። ለእኔ ለካራው ሰው በቅርብ ያለው መንገድ በደጄ የሚያልፈው የደሴ መንገድ ነው። ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ጣርማበር የሚወስደው፤ ጣሊያን ዋሻ የበሳበት መንገድ። ዘመዶቼም ያሉት በዚያ በኩል ነው። ግን በወር አምስት ጊዜ የምሄደው ወደማልወለድበት ወደ ደቡብ ነው፤ ሰው መንገዱ በቀለለበት በኩል ይኖራል። በደሴ መንገድ የጠመዝማዛው፣ የቁልቁለቱና የጉሙ አደጋ ከፍጥነት አደጋ ቀድሞ የሚመጣ ነው፤ ከእነዚህም ሁሉ ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ሥጋት አለ። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ወሬ አላቸው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሲኤምሲና አያት በእነሱ ተሞልቷል። አንድ ጓደኛዬ ወደ አዳማ ሲወርድ ባትሪው ብዙም እንደማይቀንስ፣ ሲመለስ ግን «እንደ ወንፊት እንደሚያፈስ» ነገረኝ። ዳገቱ ነው ብሎ ያምናል። ዳገቱ አለ፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ትልቁ ሌባ ግን ፍጥነቱ ነው፦ የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ120 ወደ 90 ቢወርድ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። አላመነኝም። መኪናውን የሸጠለት ሰው እንዲህ አላለውም።

እና ምን ይደረግ? እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ከ40 በላይ አንድም ቀን ሳልነዳ ነው። ሜዳ ላይ በኮን መሀል ወደ ኋላ ገባሁ፣ ዳገት ላይ ሳልንሸራተት ተነሳሁ፣ አለፍኩ። መስመር እንዴት እንደሚያዝ፣ ከመግቢያው ላይ ፍጥነት አንስቶ እንዴት እንደሚገባ፣ መውጫው ካመለጠህ ወደ ኋላ መንዳት ሳይሆን እስከ ቀጣዩ መሄድ እንደሚገባህ፣ የግራው መስመር የመቅደሚያ እንጂ የክብር ወንበር እንዳልሆነ፣ ማንም አላስተማረኝም። በስድስት መስመር መንገድ ላይ በግራው ዳር በ70 እየተዝናና የሚሄድ ሰው፣ በቀኙ እየተጥመዘመዘ የሚቀድም ሰው፣ ሁለቱም ከእኔ ጋር ያንኑ ሜዳ የወጡ ናቸው። ካርዱን በምንወስድበት በር ላይ ከካርዱ ጋር አንዲት ወረቀት ብትሰጠን ምን ነበረበት? አምስት መስመር ብቻ። አንደኛዋ መስመር ስለ ድንጋይ ትሁን።

ይህንኑ ሐሳብ አዳማ መውጫ ላይ ሰልፍ ይዘን ሳለን ከጎኔ ለቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ነገርኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ መስኮቱን አውርዶ ነው የሚያወራኝ። መጀመሪያ የሰጠኝ መልስ ብዙዎች የሚሰጡኝ መልስ ነው፦ «ወንድሜ፣ ከፍለንበታል። ያንሱት እነሱ።» ስለ ጋሼ ነገርኩት። ስሙን፣ ቤቱን ሳልጠቅስ፣ እንዲሁ የሆነውን። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ረዳቱን «አሳየው» አለው።

ረዳቱ ወርዶ ከሰደቃው ሥር ካለው የዕቃ ሳጥን ሁለት ድንጋይ አወጣ። ኖራ የተቀቡ ናቸው፣ ነጭ፤ በአንዱ ላይ የታርጋው ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል።

«ይዣቸው ነው የምዞረው» አለ ሹፌሩ። «የራሴ ናቸው። ታርጋዬ አለበት፣ ጥዬ መሄድ አልችልም። ይሄ ልጅ አንዴ ቢሾፍቱ ጋ ረስቷቸው፣ ሞጆ ወጥቼ ዞሬ ገብቼ፣ እንደገና ከፍዬ አስለቅሜዋለሁ።»

«ከደሞዜ ነው የቆረጠው» አለ ረዳቱ፣ ድንጋዮቹን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ።